የገፈርሳ ዳገትና የእንግሊዝ መኪና

መኪናው ከመምጣቱ በፊት መንገዱ መጣ።

አጤ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለምን ሲቆረቁሩ ሐሳባቸው መናገሻውን ነቅለው እዚያ ለመትከል ነበር። አዲስ አበባ ማገዶ አልቆባት፣ የእንጦጦ ደን ተመንጥሮ፣ እንጨት ለቃሚው በየዓመቱ እየራቀ ይሄድ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን ባሕር ዛፍ ጸደቀና ከተማዋን ከመፈታት አዳናት። አዲስ ዓለም ላይ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። መናገሻው ሳይዛወር ቢቀርም ለዝውውሩ የታሰበው መንገድ ተሠርቶ ቀረ።

ሥራውን የመራው ካስታኛ የሚባል፣ ከዓድዋ ጦርነት በኋላ እዚሁ የቀረ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነው። መንገዱ ከከተማ ወጥቶ በአስኮ በኩል ቡራዩን ያልፍና ዳገቱን ተያይዞ ገፈርሳ ሜዳ ላይ ብቅ ይላል። ከዚያ በመናገሻ ተራራ ግርጌ ወደ ሆለታ፣ ከሆለታም ወደ አዲስ ዓለም ይዘልቃል። ገፈርሳ በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው። ስሙ በወጣለት ዘመን እዚያ ረግረግ ውስጥ ማን ይተኛ እንደነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ዛሬ በዚያ ሜዳ የሚያጓራው ከወለጋ የሚመጣ የጭነት መኪና ነው።

በ1896 ዓ.ም ገደማ ደግሞ ሰርኪስ ተርዚያን የሚባል አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጣ። ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ስያሜው ልብ ይባል። የተሠራበት አገርም ሆነ የፋብሪካው ስም አልተነሣም፤ የተነሣው እዚህ ድረስ ያደረሰው ሰው ስም ነው። የአዲስ አበባ ሰው ለሞተር ስም ሲያወጣ ገና ከመጀመሪያው የጠየቀው «ማን ሠራው?» ብሎ አልነበረም። «በማን እጅ ይንቀሳቀሳል?» ብሎ ነበር። ይህ ልማድ መቶ ምናምን ዓመት አልፎ ገፈርሳ ዳገት ላይ ይጠብቀናል።

የምኒልክ ሲድሌይ

1900 ዓ.ም ለአገሪቱ የብዙ መጀመሪያዎች ዓመት ነበር። ጥቅምት ላይ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። የአገሪቱ የመጀመሪያ ባንክ ከተከፈተ ገና ሁለት ዓመት ገደማ ነው። በዚያው ዓመት ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ለንጉሠ ነገሥቱ ያመጣላቸውን ሲድሌይ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ስሙ አንባቢን እንዳያሳስት፤ ቤንትሌይ የሚባለው የመኪና ፋብሪካ በሌላ ቤንትሌይ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። እኛ ጋ የመጣው ሰውዬ ፋብሪካ አልነበረውም። የነበረው ድፍረት ነው።

ድፍረቱን ለመገመት ካርታውን ማየት ይበቃል። የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ደርሶ እዚያው ቆሟል፤ አዲስ አበባ የሚገባው ከጊዜ በኋላ በ1909 ዓ.ም ነው። በባሕሩና በዋና ከተማው መካከል ያለውን በረሃ፣ የአዋሽን ገደልና የሸዋን አቀበት ግመልና በቅሎ ያውቁታል እንጂ ጎማ አያውቀውም። ማደያ የሚባል ነገር ስላልነበረ የሚነደው ቤንዚንም የሚሰበረው ዕቃም ከመኪናው ጋር አብሮ መጓዝ ነበረበት። ክሊፎርድ ሃሌ የጉዞውን ታሪክ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1913 «በሞተር መኪና ወደ ምኒልክ» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አሳተመ። አርኖልድ ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊም ናኬ የተባለች የሳክሶኒ መኪና ይዞ ለዚያው ንጉሥ ሲገሠግሥ ነበርና እሱም የራሱን መጽሐፍ አወጣ። ከባሕር እስከ አዲስ አበባ መንዳት ያኔ መጽሐፍ የሚያስጽፍ ሥራ ነበር። ሽቅድምድሙን እንግሊዛዊው ቀደመ።

ምኒልክ በመኪናው ተሳፈሩ። አዲስ ዕቃ ሲመጣላቸው ተፈትቶ ካላዩት እንቅልፍ የማይወስዳቸው ንጉሥ ስለነበሩ ደስታቸውን መገመት አያዳግትም። በዚያ ዘመን መኪና ከከተማ ወጥቶ ጎማውን ሊዘረጋ የሚችልባቸው መንገዶች በጣት የሚቆጠሩ ሲሆኑ ከእነሱ አንዱ ይኸው በገፈርሳ የሚያልፈው የአዲስ ዓለም መንገድ ነበር። ግን ጊዜ አልነበራቸውም። ሕመሙ አስቀድሞ ጀምሯቸው ስለነበር ከዓመት ወደ ዓመት እየጠናባቸው ሄዶ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም አረፉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ምኒልክ ባለመኪና ነበሩ፤ የመኪናውን ጠባይ የሚያውቀው ግን ባዕድ ነበር። ሞተሩ ሲያስነጥስ ምን እንደሚፈልግ፣ ዳገት ላይ ሲያቃስት የቱ ቪቴ እንደሚጠብቅ የሚያውቅ ሰው አገር ውስጥ እስኪፈጠር ድረስ መኪናው የአገሩ ሆኗል ማለት አይቻልም ነበር።

የሲድሌይ ዘመዶች

ሲድሌይ የተሠራው በርሚንግሃም በነበረው በዎልስሊ ኩባንያ ነው። ጆን ሲድሌይ ያኔ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ስለነበር መኪኖቹ በስሙ ይሸጡ ነበር። እሱ እ.ኤ.አ. በ1909 ለቆ ሲሄድ ዎልስሊ በራሱ ስም ቀጠለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሂስፓኖ ስዊዛን የአውሮፕላን ሞተር በፈቃድ ሲሠራ ካምሻፍቱን ከሞተሩ ራስ፣ ከቴስታታው ላይ የማስቀመጥን ጥበብ ቀሰመ። ጦርነቱ አልቆ ገበያ ሲጠፋ ኩባንያው ከሰረና እ.ኤ.አ. በ1927 ዊሊያም ሞሪስ ገዛው።

ሞሪስ ሥራ የጀመረው በኦክስፎርድ ከተማ ብስክሌት በመጠገን ነው። በከተማው የነበረው የጋራዡ ሥራ አስኪያጅ ሴሲል ኪምበር የሞሪስን ተራ መኪኖች እየወሰደ ቦዲያቸውን ዝቅ፣ መልካቸውን ሸንቀጥ አድርጎ መሸጥ ጀመረ። ስያሜውንም «ሞሪስ ጋራዥስ» ከሚለው የመጀመሪያ ፊደሎች ወሰደና ኤም ጂ አለው። መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም ተፈሪ መኮንን አዲስ አበባ ላይ የንጉሥነት ዘውድ ጫኑ። በዚያው ሰሞን ለንደን ላይ በተከፈተ የመኪና ትርዒት ኪምበር ሚጀት የምትባል ሁለት ሰው የምትይዝ ትንሽ መኪና አቀረበ። ዋጋዋ 175 ፓውንድ፣ ሞተሯ 847 ሲሲ፣ ጉልበቷ 20 ፈረስ ነበር። ሞተሩን የነደፈውም ያ ዎልስሊ ነው።

የምኒልክን መኪና የሠራው ቤት የእንግሊዝን ርካሽ የስፖርት መኪና ልብ ሠራ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ የስፖርት መኪና የመሳፍንትና የባለፋብሪካ ልጆች መጫወቻ ነበር። ሚጀት ለአስተማሪውም ለጸሐፊውም በር ከፈተች። ጣሪያዋ ሸራ፣ ወንበሯ ከመሬት ስንዝር ከፍ ያለ ስለሆነ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዱባት 150 ይመስላል። የዚህ መኪና ጣዕሙ እዚህ ላይ ነው። ፍጥነቱ በሰሌዳው ላይ የሚነበብ አይደለም፤ ጆሮ ላይ ከሚያፏጨው ነፋስና ከመሪው ወደ መዳፍ ከሚመጣው የመንገዱ ጠጠር የሚቀመስ ነው።

ጣሊያንኛ የተማረው መኪና

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ። የግፉን ታሪክ ሌሎች ጽፈውታል። ለዚህ ትረካ የሚያስፈልገን ግን ፋሺስቶቹ ጦራቸውን ለማመላለስ የከፈቱት መንገድና በየመንገዱ ያቋቋሙት ጋራዥ ነው። የአምቦና የነቀምቴ መንገድ በገፈርሳ በኩል እንደገና ተቆርጦ ለከባድ መኪና ተደላደለ። በየጋራዡ ቁልፍ አቀባይና ዘይት ደፊ ሆነው የገቡት ልጆች እጃቸው ሥራውን ሲማር አፋቸው ስሙን ተማረ።

በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው ቀን ሚያዝያ 27፣ አጤ ኃይለ ሥላሴ ከደብረ ማርቆስ በፍቼና በሱሉልታ አድርገው በእንጦጦ ቁልቁል ወርደው መናገሻቸው ገቡ። እንግሊዞች አብረዋቸው መጡ። ከአስኮ በፊት ያለው ሰፈር እስከ ዛሬ ዊንጌት የሚባለው በዚያ ዘመቻ በነበረው መኮንን ስም በተሰየመው ትምህርት ቤት ነው። ጣሊያን ተሸንፎ ሄደ፤ የጋራዡ ቋንቋ ግን አልተሸነፈም።

እስቲ የእንግሊዝ መኪና አንድ የአዲስ አበባ ጋራዥ ይግባ። መኪና የሚለው ቃል ራሱ ጣሊያንኛ ነው። ኮፈኖው ይከፈታል። ቦቢናው ይታያል፣ ሻማው ይነቀላል፣ ቺንጋው በአውራ ጣት ይጫናል። ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል ከተባለ ካምቢዮ ይወርዳል። ባሌስትራው ተሰብሮ ከሆነ ይበየዳል፤ ኩሽኔታው ከጮኸ ይለወጣል፤ ፓራውርቶው ከተጋጨ ባትላሜራ ቤት ይሄዳል። ጎማው ከተነፈሰ ቸርኬው ወልቆ ጎሚስታ ዘንድ ይደርሳል። ዓመታዊ ምርመራውን ሲያልፍ ቦሎ ይለጠፍለታል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አልወጣም። ኦክስፎርድ አጠገብ አቢንግደን ላይ በኤም ጂ ፋብሪካ የተገጣጠመ ብረት ተክለ ሃይማኖት ሰፈር ሲፈታ አብዛኞቹ ክፍሎቹ የሚጠሩት ጠላት በነበረው አገር ቋንቋ ነው። የሠራው እንግሊዝ፣ ስም ያወጣለት ጣሊያን፣ ያኖረው ግን ሐበሻ ነው።

በ1930ዎቹ የተሠራው የገፈርሳ ግድብ በዚህ መሐል የአዲስ አበባን ጥም መቁረጥ ጀመረ። ሜዳው ሐይቅ ሆነ። በ1943 ዓ.ም የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት በዓለም ባንክ ብድር ታግዞ ሲቋቋም መንገዶቹ ባለቤት አገኙ፤ ከተሜውም እሑድ እሑድ መኪናውን አስነሥቶ ከከተማ መውጣት ለመደ። ገፈርሳ ከፒያሳ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ሽርሽር ነበረች፤ አምቦ ደግሞ ፍል ውሃዋን ይዛ ከፊት ትጠብቃለች።

ሰኔ 1 ቀን 1956

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ የስፖርት መኪና ወርቃማ ዘመኑ ላይ ደረሰ። እንግሊዝ ዕዳዋን ለመክፈል ዶላር ስለፈለገች ፋብሪካዎቿን «ወደ ውጭ ሽጡ» አለቻቸው። ኤም ጂ ቲሲ፣ ጃጓር፣ ትራያምፍ፣ ኦስቲን ሂሊ በየወደቡ ተራገፉ። መስከረም 1955 ዓ.ም ደግሞ ኤም ጂ ቢ ወጣች። ሞተሯ 1 ሺህ 798 ሲሲ፣ ጉልበቷ 95 ፈረስ ሲሆን ለ18 ዓመት ሳትቋረጥ ተመርታ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሸጠች።

አዲስ አበባ ያኔ የአፍሪካ መናኸሪያ እየሆነች ነበር። የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም ተመረቀ፣ በ1955 ዓ.ም የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ። የኤምባሲና የድርጅት ሠራተኛ ሲመጣ መኪናውን ይዞ ይመጣል፤ የሥራ ዘመኑ ሲያልቅ ሸጦ ይሄዳል። የገጠሩን መንገድ ላንድሮቨር ይዞታል፤ ያቺ ባለሁለት ወንበር ሸራ ለባሽ ግን ከአስፋልት ውጭ ሥራ የላትም። ሆዷ ከመሬት ያለው ርቀት አንድ ስንዝር አይሞላም።

የእንግሊዝ መኪና በዚህ አገር የሚስማማው አንድ ትልቅ ነገር ነበረው፤ ኢትዮጵያ በግራ በኩል ትነዳ ነበር። መሪው በስተቀኝ ያለ መኪና በግራ በሚነዳ አገር ቤቱ ነው። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም ግን አገሪቱ ወደ ቀኝ ዞረች። በአንድ ቀን ውስጥ እንደ ኬንያ የነበረው ነገር እንደ አውሮፓ ሆነ። አውቶቡስ በሩ ወደ መሐል መንገድ ዞረ፤ ሾፌር ሁሉ አዲስ ተማሪ ሆነ። በስተቀኝ መሪ ያላት የእንግሊዝ መኪና ደግሞ ከዚያች ቀን ጀምሮ እንግዳ ሆነች።

ምን ማለት እንደሆነ የሚገባው ከገፈርሳ ወደ ሆለታ ሲነዱ ነው። ከፊት ጭድ የጫነ አይሱዙ አለ እንበል። መሪው በስተግራ ያለ ሾፌር ጥቂት ወደ መሐል ወጣ ብሎ ያያል፤ ከተፈቀደለት ያልፋል። መሪው በስተቀኝ ያለ ሾፌር ግን የሚታየው የአይሱዙው ኋላና የመንገዱ ቦይ ብቻ ነው። ለማየት ግማሽ መኪናውን ወደ ሞት መንገድ ማውጣት አለበት። ስለዚህ ግራው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ዓይን ይሆነዋል። «አሁን!» ሲለው ይረግጣል፤ «ቆይ!» ሲለው ይመለሳል። ብቻውን የሚነዳ ሰው ደግሞ ትዕግሥት ይማራል። መኪናዋ ሁለት ወንበር ያላት ለፍቅር ነው ይላሉ ፈረንጆቹ፤ በአምቦ መንገድ ግን ሁለተኛው ወንበር የደኅንነት ዕቃ ነው።

ጥር 1957 ዓ.ም መጨረሻ ላይ ንግሥት ኤልሳቤጥ ኢትዮጵያን ሲጎበኙ የእንግሊዝ ስም ከፍ ብሎ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ሮልስ ሮይስ ነበረው። አሥር ዓመት ሳይሞላ ግን ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። በ1966 ዓ.ም የዓለም ነዳጅ ዋጋ ሲንር ቤንዚን ተወደደ። የካቲት ላይ የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ ተማሪውና መምህሩ ተከተሉ፤ ወታደሩ ጨረሰው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም ሮልስ ሮይስ የነበራቸው ንጉሠ ነገሥት በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ።

ኩፖንና ካቻቢቴ

ከዚያ የመጣው ዘመን ለስፖርት መኪና የሚሆን አልነበረም። ቤንዚን በኩፖን ሆነ። ባለሁለት ወንበር ክፍት መኪና ማስነሣት «እዩኝ» ማለት ስለሆነ ብዙው ሰው መታየቱን ፈራ። የውጭ አገር ሰዎች ሲሄዱ የቀሩ መኪኖች በግቢ ጥግ በሸራ ተሸፍነው ቆሙ። ውጭ አገርም ቢሆን ደኅና ነገር አልነበረም። ኤም ጂ በትልቁ የብሪቲሽ ሌይላንድ ድርጅት ተውጦ ነበርና ጥቅምት 1973 ዓ.ም የአቢንግደን ፋብሪካ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ የቀረው ያለው ብቻ ነው።

ያለውን ያኖረው መካኒኩ ነው። የእንግሊዝ መኪና ደግሞ መካኒክን ሦስት ነገር ያስተምራል።

አንደኛው ትዕግሥት ነው። ብሎኑ በኢንች እንጂ በሚሊሜትር አልተሠራም። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር ስለሆነ 13 ቁጥር ቁልፍ የገባ ይመስላል፤ ጠበቅ ሲያደርጉት ግን ይዞርና ጠርዙን ይልጠዋል። አንድ ጊዜ የተላጠ ብሎን ለሚቀጥለው መካኒክ የተተወ እርግማን ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ ነው። ሌላው ዓለም የባትሪውን ኔጌቲቭ ከቦዲ ጋር ሲያስር የመጀመሪያዎቹ ኤም ጂ ቢዎች ፖዘቲቩን ነው የሚያስሩት። ይህን ያላወቀ ኤሌክትሪሺያን ቴፕ ልግጠምልህ ብሎ ነካክቶ ያቃጥለዋል። ባትሪውም አንድ ባለ 12 ቮልት አይደለም፤ ከወንበሩ ኋላ የተቀበሩ ሁለት ባለ 6 ቮልት ናቸው። ኮፈኖ ከፍቶ ባትሪ የፈለገ ሰው ሌባ ወሰደው ብሎ ይደነግጣል።

ሦስተኛው የአገሩን አየር ማወቅ ነው። ገፈርሳ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ካለው ከሩብ በላይ ይሳሳል። ሞተር የሚነደው በቤንዚን ብቻ አይደለም፤ በአየርም ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ እንደነበረው ከፈሰሰ ይበዛበታል፤ ሞተሩ ይታፈናል፤ ሻማው ጥላሸት ይለብሳል፤ 95 የነበረው ፈረስ ወደ 70 ይወርዳል። ውሃም በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ91 አካባቢ ስለሚፈላ ራዲያተሩ ቶሎ ይቆጣል። ለእንግሊዝ ዝናብ የተሠራ መኪና የሸዋን ዳገት የሚወጣው እንደገና ከተቃኘ ብቻ ነው።

ሌላም ፈተና መጣ። የድሮ ሞተር የቫልቭ መቀመጫው የሚጠበቀው ቤንዚን ውስጥ በነበረው እርሳስ ነበር። እርሳስ ለልጆች አእምሮ መርዝ ስለሆነ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች በ1998 ዓ.ም ሙሉ በሙሉ ተዉት። ይገባ ነበር። ያረጀ ሞተር ያለው ሰው ግን ቴስታታውን አውርዶ ቶርኖ ቤት ወስዶ ጠንካራ የቫልቭ መቀመጫ ማስገጠም ግድ ሆነበት።

በሩ ሲዘጋ

በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጀ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። የታሰበው ጭስ የሚተፋ አሮጌ መኪና አገሩን እንዳይሞላው ነው። ሕጉ ግን ስብርባሪንና ቅርስን የሚለይበት ዓይን ስላልነበረው የስልሳ ዓመት ዕድሜ ያላት ኤም ጂም አሮጌ ተብላ ተቆጠረች። ጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ የግል መኪና እንዳይገባ ከለከለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥንታዊ የእንግሊዝ መኪና መያዝ የሚችለው ቀድሞ አገር ውስጥ ከነበረው መካከል ያገኘ ሰው ነው። በአንድ በኩል የአጤ ኃይለ ሥላሴ መኪኖች ተወልውለው በብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ለዕይታ ቆመዋል። በሌላው በኩል በግቢ ጥግ በሸራ ሥር የቆሙት መለዋወጫ በዘመድ ሻንጣ ይመጣላቸዋል፤ ያልመጣውን ቶርኖ ቤት ይቀርጸዋል።

ገፈርሳም ተለውጣለች። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የሸገር ከተማ አካል ናት። ቡራዩ ላይ መንደሩ ዳገቱን ሸፍኖታል፤ የመኪና ሰልፉም ከአስኮ ይጀምራል።

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ጠዋት አንድ ወዳጄ አሥር ዓመት ሲያስጠግናት የኖረውን ኤም ጂ ቢ ይዘን ወጣን። መካኒኩ ጋሼ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ኋላ ኋላችን በልጃቸው ቪትዝ ይከተላሉ። እኔ ግራው ወንበር ላይ ዓይን ሆኜ ተቀምጫለሁ። ዊንጌትን፣ አስኮን አለፍን። ቡራዩ ላይ እያንዳንዷን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በሰያፍ ካልወጣናት ሆዷን ትፍቅብን ነበር። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሞተሩ መሳል ጀመረ፤ የጭስ ማውጫው ጥቁር አወጣ። ግድቡ ሲታየን ዳር ያዝን።

ጋሼ ከቪትዙ ወርደው ቀስ ብለው መጡ። ወዳጄ «ጋሼ፣ ምን ሆነች?» አለ።

«ምንም አልሆነች። ጠግባለች።»

ኮፈኖውን ከፈቱ። ሁለቱ ካርቡራተሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እጃቸውን ከሥር ሰድደው ከአንደኛው ግርጌ ያለችውን ስድስት ጠርዝ ያላት ለውዝ የምታህል ቪቴ በጣታቸው ያዙ። ሞተሩ እየሠራ ነው። አንድ ጠርዝ ወደ ላይ አዞሩ፤ አዳመጡ። ሌላ አንድ ጠርዝ አዞሩ። የሞተሩ ድምፅ ሲያጥር፣ ሲጠራ፣ በመጨረሻም ሲስተካከል ለእኔም ይሰማኝ ነበር። ወደ ሁለተኛው ካርቡራተር ዞሩና ያንኑ ደገሙ። ከዚያ ጣታቸውን በጨርቅ ጠርገው ኮፈኖውን ዘጉት።

«በጣሊያንኛ ነው በእንግሊዝኛ የሚያናግሯት?» አልኳቸው።

«እሷ የምትሰማው በጣት ነው» አሉኝ። ቀጥለው ወደ ወዳጄ ዞሩ፤ «ልጄ፣ ወደ ሞጆ የምትወርድ ቀን መልሰህ ሁለት ጠርዝ ወደ ታች ታዞራታለህ። አየሩ እዚያ ይወፍራል፤ ይርባታል።»

በዚህ መሐል የመንደር ልጆች ከበውን ነበር። አንዱ ጎረምሳ ጓደኛውን በክርኑ ጎሰም አድርጎ መኪናዋን አሳየው። «ይቺን አላውቃትም?» አለ። «አስኮ ጋራዡ በር ላይ የምትቆመው የጋሼ መኪና ናት እኮ።»

ሊብሬው ላይ ያለው የወዳጄ ስም ነው። ግንባሯ ላይ ያለው የእንግሊዝ ፋብሪካ ምልክት ነው። ወዳጄ ሰምቶ ሳቀ እንጂ አላረመውም፤ ጋሼም አላረሙት። ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋላቸው። ሽማግሌው አንዴ ቪትዙን፣ አንዴ መንገዱን አይተው በስተቀኝ ገቡና መሪውን ያዙ፤ እኔ ወረድኩላቸውና ወዳጄ ግራው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወደ ሆለታ ሲነሡ ከፊታቸው ጭድ የጫነ አይሱዙ ነበር። ከርቀት የወዳጄ እጅ በሸራው ላይ ከፍ ሲል ታየኝ፤ «ቆይ!» እያላቸው ነው።